ፍንጣሪ የነካው ገመድ ሰው አይዝም፦ ከፍታ ላይ ለሚበይዱ የደህንነት ትጥቅ ማብራሪያ

የጣሪያ ብረት ወይም የበረንዳ መደገፊያ ለመሥራት ከፍታ ላይ የወጣ በያጅ ሁለት ዓይነት አደጋ በአንድ ጊዜ ያገኘዋል። አንዱ ከብየዳው የሚመጣ ነው፦ ጨረር፣ ቃጠሎ፣ ጭስ፣ ኤሌክትሪክ። ሌላው መውደቅ ነው። ለእያንዳንዱ መከላከያ አለው፤ ነገር ግን አንዱ መከላከያ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። ከጨረር የሚጋርደው ማስክ እግር የሚረግጥበትን ቦታ ያስጨልማል። ከመውደቅ የሚያድነው ገመድ ብዙ ጊዜ የፖሊስተር ወይም የናይለን በመሆኑ ፍንጣሪ ያቀልጠዋል። ገመዱ በብረት ሽቦ ሲተካ ደግሞ ሽቦው የብየዳውን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ መሬት ላይ ለሚበይድ ሰው የበቃ ትጥቅ ጣሪያ ላይ ለወጣ አይበቃም፤ ለቀለም ቀቢ የሚሆን ሴፍቲ ቤልትም ለበያጅ አይሆንም። ትጥቁ አንድ ላይ ታስቦ መመረጥ አለበት።

«ሴፍቲ ቤልት» የሚባሉት ሁለት ዕቃዎች

በሳይት ቋንቋ «ሴፍቲ ቤልት» የሚባሉት ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ነው። ሁለተኛው ትከሻን፣ ደረትንና ሁለቱንም ጭኖች የሚይዝ ሙሉ ሐርነስ ነው። የወገብ ቀበቶው ጥቅም ሠራተኛው መጀመሪያውኑ ጠርዝ ጋ እንዳይደርስ በአጭር ገመድ ወደ ኋላ መያዝ ብቻ ነው። የወደቀ ሰው ለመያዝ አልተሠራም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወርዶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢቆም ሰውነቱን የሚመታው ኃይል 1.6 ቶን ገደማ ክብደት እንደማረፍ ነው። ያ ሁሉ ወገብ ላይ ሲያርፍ አከርካሪ ይሰበራል፣ የሆድ ዕቃ ይጎዳል፤ ሰውየው ተዘቅዝቆ ከቀበቶው ሊሾልክም ይችላል። በአሜሪካ የወገብ ቀበቶን የወደቀ ሰው ለመያዝ መጠቀም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙሉ ሐርነስ ኃይሉን በጭንና በዳሌ አጥንት ላይ ያከፋፍላል። ነገር ግን ሐርነስም ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱ ላይ ኃይል መጣጭ መኖር አለበት። ይህ ከገመዱ ጋር የተያያዘ፣ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ትንሽ ጥቅል ነው። ሰው ሲወድቅ ውስጡ የተሰፋው ጥልፍ ቀስ በቀስ እየተተረተረ ይረዝማል፤ እንደ አውሮፓው ደረጃ ኢኤን 355 እስከ 1.75 ሜትር ድረስ። በዚህ መዘግየት ሰውነት ላይ የሚደርሰው ኃይል ከ6 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ600 ኪሎ ገደማ ክብደት፣ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ጥቅሉ የሌለው ተራ ገመድ ሐርነስ ላይ የሚያስር ሰው የመከላከያውን ግማሽ ጥሎታል።

አለባበሱም ልክ አለው። ገመዱ የሚያያዝበት የጀርባው ቀለበት በሁለቱ ትከሻዎች ብራኳዎች መካከል መቀመጥ አለበት፤ ወደ ወገብ ከወረደ ሰውየው ሲወድቅ ፊቱን ወደታች ይደፋል። የጭኑ ማሰሪያ የተዘረጋ መዳፍ ማሳለፍ፣ የተጨበጠ እጅ ግን ማስቆም አለበት። ሙቀቱ ስለሚያስቸግር የጭኑን ማሰሪያ ላላ አድርጎ መሥራት የተለመደ ነው፤ በመውደቅ ጊዜ ግን የላላው ማሰሪያ ጭንን አጥብቆ ከመያዙ በፊት ብሽሽትን ይመታል።

4 ሜትር ላይ ሐርነስ የማያድንበት ምክንያት

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ገመዱ 2 ሜትር ነው፤ መንጠቆው በያጁ የቆመበት ብረት ላይ፣ እግሩ ሥር ታስሯል እንበል። ከመንጠቆው ወደታች ሲቆጠር መጀመሪያ የገመዱ 2 ሜትር ያልቃል። ቀጥሎ ኃይል መጣጩ እስከ 1.75 ሜትር ይረዝማል። ከጀርባው ቀለበት እስከ ጫማው 1.5 ሜትር ያህል አለ። ለጥንቃቄ 1 ሜትር ይጨመራል። ድምሩ 6.25 ሜትር ነው። ከመንጠቆው በታች ይህን ያህል ባዶ ቦታ ከሌለ ሰውየው ገመዱ ሳያስቆመው መሬት ይደርሳል። አንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ገደማ በመሆኑ በአንደኛው ፎቅ ቁመት ላይ እግር ሥር የታሰረ የ2 ሜትር ገመድ የሚያዝለት ሰው የለም።

መፍትሔው መንጠቆውን ወደ ላይ መውሰድ ነው። ከራስ በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ የታሰረ ገመድ ነፃ መውደቁን ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ግን ያም አይበቃም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጠርዝ ጋ የማያደርስ አጭር ገመድ ነው፤ የማይወድቅ ሰው ባዶ ቦታ አያስፈልገውም። ሌላው ከበላይ የሚንጠለጠል፣ እንደ መኪና የደህንነት ቀበቶ ራሱን የሚጠቀልልና ድንገት ሲሳብ የሚቆልፍ መሣሪያ ነው። እነዚህ ከሌሉ ሥራው በገመድ ሳይሆን ዙሪያው በታጠረ መድረክ መሠራት አለበት፦ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የላይ መደገፊያው 1 ሜትር ገደማ፣ መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ አግዳሚ፣ ከእግር ሥር ደግሞ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መከልከያ ጣውላ። የባህር ዛፍ ስካፎልድ ላይ ሲበየድ ሌላ ነገር ይጨመራል። እንጨቱ ራሱ ይቃጠላል፤ ሚስማሩ የያዘበት ቦታ እየደረቀ ሲሄድ ይላላል። ስለዚህ ፍንጣሪ የሚያርፍበት ጣውላ ላይ ላሜራ ይነጠፋል፤ ነገር ግን የተነጠፈው ላሜራ ራሱ እንዳያንሸራትት በሚስማር መያዝ አለበት።

መሰላል የብየዳ ቦታ አይደለም። መሰላል ላይ ሁልጊዜ ሦስት የሰውነት ክፍል መያዝ አለበት፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ። በያጅ አንድ እጁ ኤሌክትሮድ፣ ሌላው ብረት ይዟል። መሰላል ለመውጣትና ለመውረድ ብቻ ይሁን፤ ለዚያም 4 ሜትር ሲወጣ ከግርጌው 1 ሜትር ከግድግዳው ይርቃል፣ ከሚወጣበት ወለል በላይ 1 ሜትር ያህል ይተርፋል።

መንጠቆው የት ይታሰር?

በአውሮፓ ደረጃ አንድ ማሰሪያ ቢያንስ 12 ኪሎ ኒውተን፣ በአሜሪካ 22 ኪሎ ኒውተን ገደማ መቻል አለበት። አነስተኛው 1.2 ቶን ያህል ነው፤ ትንሽ የቤት መኪና ተንጠልጥሎበት የማይነቀል ቦታ ማለት ነው። በነጥብ ብየዳ ብቻ የተያዘ ቱቦላሬ ይህን አይችልም፤ ገና የሚበየደው ብረት ራሱ ማሰሪያ አይሆንም። የቧንቧ መስመር፣ የቆርቆሮ መያዣ ፐርሊን፣ የተተከለ ፌሮ ጫፍም አይሆኑም። ተበይዶ ያለቀ ዋና ተሸካሚ ብረት ወይም የኮንክሪት ዓምድ ይመረጣል፤ ዙሪያውን ማሰሪያ ገመድ ተጠምጥሞ መንጠቆው እዚያ ላይ ይገባል። የብረቱ ጠርዝ ስለታም ከሆነ ጨርቁን እንደ መቀስ ስለሚቆርጠው ቆዳ ወይም ወፍራም ጎማ በመካከል ይደረጋል። ብረት ሙቀት እንደሚያስተላልፍ አይዘንጋ፤ ከብየዳው ትንሽ ርቀት ላይ የተጠመጠመ የፖሊስተር ማሰሪያ ፍንጣሪ ሳይነካው በጋለው ብረት ብቻ ሊለሰልስ ይችላል።

ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር በያጅ ሁለት እጅ ያለው ገመድ ያስፈልገዋል። አንዱ ሲፈታ ሌላው ታስሮ ይቆያል። በዚህ ገመድ ላይ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ያልታሰረውን መንጠቆ ሐርነሱ ላይ ባለ ጠንካራ ቀለበት ማስቀመጥ። እንዲህ ከተደረገ ሰውየው ሲወድቅ የገመዱ ሁለት እጆች ኃይል መጣጩን ቆልፈው ይይዙትና ጥልፉ አይተረተርም። ሐርነሱ ላይ ደረት አካባቢ በቀላሉ የሚለቅ ማስቀመጫ አለ፤ ትርፉ መንጠቆ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ፍንጣሪና ገመድ

ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ናይለን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260። ከብየዳ የሚረጨው የቀለጠ ብረት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ነው። አንድ ጠብታ ማሰሪያው ላይ አርፎ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ጠንካራ ነጥብ ይተዋል። ቀዳዳው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሰሪያው ጥንካሬውን የሚያገኘው ጎን ለጎን ከሚሮጡ ክሮች ነው። የቀለጡት ክሮች ተቆርጠዋል ማለት ነው።

ለብየዳ የሚመከረው ከአራሚድ፣ ማለትም ሙቀት ከሚቋቋም ሰው ሠራሽ ክር፣ የተሠራ ሐርነስና ገመድ ነው፤ ኬቭላርና ኖሜክስ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አራሚድ አይቀልጥም፤ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ግን ይከስላል። ስለዚህ እሱም የማይበላሽ አይደለም፤ ጠብታው ሳያቀልጠው ለመንሸራተት ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ። ይህን ማግኘት ካልተቻለ ያለውን መሸፈን ይቻላል፦ ሐርነሱ በቆዳ ጃኬት ሥር ይለበሳል፣ የጀርባው ቀለበት ለዚሁ በተሠራ ክፍት ይወጣል፤ የጭኑን ማሰሪያ የቆዳ ሽርጥ ይሸፍነዋል፤ ገመዱ ላይ የቆዳ እጀታ ይገባል። ኃይል መጣጩ ግን ተጠቅልሎ መታፈን የለበትም፤ ለመርዘም ነፃ መሆን አለበት።

የብረት ሽቦ ገመድ ፍንጣሪን ይቋቋማል። ኤሌክትሮዱ ከነካው ግን ክሮቹ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ከዚህም የሚብሰው የአርዝ ጉዳይ ነው። ብዙ ሳይት ላይ የአርዝ ክላምፑ፣ ማለትም የብየዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ የሚመልሰው ኬብል መቆንጠጫ፣ ታች ማሽኑ አጠገብ አንድ ፌሮ ላይ ይታሰርና ብየዳው ሦስት ፎቅ ላይ ይካሄዳል። ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ለመመለስ በሕንፃው ብረት፣ በስካፎልዱ፣ ምናልባትም በሽቦ ገመዱና በመንጠቆው በኩል ያልፋል። ከ100 አምፔር በላይ ያለፈበት ቀጭን ሽቦ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል፤ ከውጭ ብዙም አይታይም። መድኃኒቱ ክላምፑን ከሚበየደው ብረት ላይ፣ ለብየዳው ቅርብ በሆነ ንጹሕ ቦታ ማሰር ነው። ለዚህ ረጅም ኬብል መግዛት ወጪ ነው፤ ከሁሉም ወጪ በፊት ይህን ብናስቀድም እንመርጣለን።

ትንሽ ንዝረት ትልቅ ውድቀት

የብየዳ ማሽን ኤሌክትሮዱ ሳይነካ በሚቆይበት ጊዜ መያዣው ላይ ከ50 እስከ 80 ቮልት ይኖራል። መሬት ላይ በደረቅ ቆዳ ይህ ብዙ ጊዜ ማስደንገጥ ብቻ ነው። ላብ ባራሰው ጓንት፣ በብረት ተከብቦ ለተቀመጠ ሰው ግን ሊገድል ይችላል፤ ካልገደለም እጁን ያስለቅቀዋል። ከፍታ ላይ ያ መንዘር ብቻውን ይጥላል። ስለዚህ ሁለት ጥንድ የቆዳ ጓንት ይያዝ፤ አንዱ ላብ ሲጠጣ ሌላው ይለወጥ። ኤሌክትሮድ የሚቀየረው ጓንት ሳይወልቅ ነው። የመያዣው ሽፋን ከተሰነጠቀ በፕላስተር ተጠቅልሎ ሳይሆን ተለውጦ ይወጣል። ከአሮጌ ኤሲ ትራንስፎርመር ይልቅ ዲሲ ኢንቨርተር፣ በተለይ ሥራ ሳይኖር ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት፣ ለከፍታ ይመረጣል። ዝናብ ሲያካፋ ሥራው ይቆማል።

የብየዳ ኬብልን ትከሻ ወይም ወገብ ላይ ጠምጥሞ መሥራት ይቅር። ኬብሉ ከባድ ነው፤ ታች ያለ ሰው ወይም መኪና ቢስበው በያጁን ይዞት ይወርዳል። በገመድ ብረቱ ላይ ታስሮ ለእጅ የሚበቃ ርዝመት ብቻ ይተው። 6 ሜትር ቱቦላሬ ወደ ጣሪያ ሲወጣ ደግሞ ቀና ብሎ መስመር መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። በየሰፈሩ የሚያልፈው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ባይነካም ሲቀርቡት ብቻ ሊዘል ይችላል፤ ለዚህ የሚሆን ጓንትም ጫማም የበያጅ ትጥቅ ውስጥ የለም።

ዓይንና ራስ

ተራ የፀሐይ መነጽር ከሚደርሰው ብርሃን ከ100 እጅ 8 እስከ 18 ያሳልፋል። ቁጥር 10 የብየዳ መስታወት (ቁጥሩ ሲጨምር ጥቁረቱ ይጨምራል) ከ7,000 እጅ 1 ያህል ነው የሚያሳልፈው። ጥቁር መነጽር አድርጎ «ነጥብ ብቻ ነው የምመታው» የሚል ሰው ልዩነቱን ከዚህ ይረዳል። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ቁጥር 10፣ በ3.2 ደግሞ 10 ወይም 11 ይሆናል። ቁጥር ያልተጻፈበት ጥቁር መስታወት አይገዛ፤ ጨለማ መሆኑ አልትራቫዮሌት መከልከሉን አያሳይም። ብረት ይዞ የሚያግዘው ረዳትም ያው መስታወት ያስፈልገዋል፤ አዲስ ቆርቆሮ አጠገብ ሲበየድ ጨረሩ ተንጸባርቆ በማስኩ ጀርባ በኩል ሊገባ ይችላል።

ቋሚ ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ ሲወርድ ከእሳቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ማስክ ወርዶ እያለ እግር አይነሳም። ራሱን የሚያጠቁረው ማስክ ከመበየድ በፊት ስለሚያሳይ ለከፍታ ይሻላል። ሁለት ድክመት አለው፤ አንድ ቧንቧ ወይም ማዕዘን በእሳቱና በማስኩ መቀበያ ዓይን መካከል ከገባ አይጠቁርም፤ ለግራይንደር የሚሆነው ማብሪያ ተረስቶ ከቀረም እንዲሁ። ጠዋት ሳይወጣ ሁለቱም ይፈተሹ። የማስኩ ራስ ማሰሪያ ሄልሜት አይደለም፤ ከአገጭ የሚታሰር ሄልሜት ላይ የሚገጠም ማስክ ይፈለግ።

ጨረር የመታው ዓይን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያነባል። በአብዛኛው በ1 ወይም በ2 ቀን ይድናል። ድንች መለጠፍ ወይም ወተት መጨመር አይፈውስም፤ ቆሻሻ ሊያስገባ ይችላል። ንጹሕ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያስታግሳል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ያለ ሐኪም ደጋግሞ መጠቀም የዓይንን ብሌን ይጎዳል። በማግስቱ ግን ዓይኑ እያነባ ያለ ሰው ስካፎልድ ላይ መውጣት የለበትም።

ልብስና ጭስ

ልብሱ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን። ከሳልባጅ የተገዛ ጂንስ ጥጥ መሆኑ ካጠራጠረ ከጠርዙ አንድ ክር መዞ ማቃጠል ነው፦ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይተዋል። ያ ዶቃ ቆዳ ላይ የሚጣበቀው ነው። ሱሪው ከቦት ጫማው ውጭ ይወርዳል፣ አይታጠፍም፤ የታጠፈ ጫፍና ክፍት ኪስ ፍንጣሪ ያጠራቅማሉ። ከፍታ ላይ ልብሱ ውስጥ ጠብታ የገባበት ሰው የመጀመሪያ እንቅስቃሴው መዝለል ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት መደብ አስገብቶታል። ሻሽ ወይም ፎጣ ይህን ደቃቅ ጭስ አይዝም፤ በማስኩ ሥር የሚገባ ኤፍኤፍፒ 2 ወይም 3 የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ጉንፋን ወይም ወባ ይመስላል። ወተት መጠጣት አይከላከለውም። ከመበየዱ በፊት ዚንኩን ከሁለቱም ወገን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቆ ማንሳት፣ ነፋሱን በጎን አድርጎ ራስን ከጭሱ ማራቅ ይሻላል።

ከመውጣት በፊት፣ ከወደቀ በኋላ

ማሰሪያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተያዘ በሁለት እጅ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ክሮቹ ስለሚከፈቱ ቀዳዳ፣ የሚያብለጨልጭ ጠጣር ቦታ፣ የተበጠሰ ስፌት ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ሐርነሱ አይወጣበትም። የመንጠቆው በር ራሱ መዘጋትና መቆለፍ አለበት። የኃይል መጣጩ ሽፋን ከተቀደደ አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 መከላከያውን የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳየት ግዴታ የአሠሪው መሆኑን ይደነግጋል፤ ስለዚህ የተበላሸ ሐርነስ ይዞ ፎርማን ጋ መሄድ መለመን አይደለም።

ሐርነስ ይዞት የተንጠለጠለ ሰው ገና አልዳነም። ሳይንቀሳቀስ ሲሰቀል ደም በእግሩ ይጠራቀማል፤ ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ በምን መሰላል፣ በማን እጅ እንደሚወርድ ብየዳው ሳይጀመር ይወሰናል፤ ብቻውን ከፍታ ላይ የሚበይድ ሰው መኖር የለበትም። ነቅቶ ከሆነ እግሩን እያንቀሳቀሰ ይቆይ፤ ከሐርነሱ ጎን የሚዘረጋ የእግር ማሰሪያ ካለው ረግጦበት ይቁም። መጀመሪያ ማሽኑ ይጠፋል፣ ከዚያ ይወረዳል። መሬት ሲደርስ በጀርባው ይጋደማል፣ ትንፋሹ ይታያል፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ሐርነሱና ገመዱ፣ ምንም ጉዳት ባይታይባቸው፣ ማንም መልሶ እንዳይለብሳቸው ያን ቀኑኑ በቢላ ይቆራረጣሉ።